ሰሙ ድጋፍ፣ ወርቁ ድግስ

ጥቅምት ፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.
ለልጄ ለፀደንያ፣ ደብረ ማርቆስ

እንደምን ሰንብተሻል? ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ ድምፅሽን ሳልሰማ ክረምቱ አለፈ። የላክሽው ደብዳቤ በሾፌሩ በዘመነ እጅ ደርሶኛል። «ሁላችሁም ደህና ናችሁ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ደህና ነኝ፤ እንደ ወትሮው ተማሪዎቼን ቅኔ አስቆጥራለሁ። ወንድምሽ ደምለው ሥራውን ይሠራል፣ የቀረበለትን ይበላል፣ ከማንም ጋር አይጫወትም። ሚስቱ የኔአለም ቆማ ትሄዳለች፤ ይህ ደህና ከተባለ ደህና ናት። የልጃቸውን የሂዊን ነገር ግን «ደህና» በሚለው ቃል ውስጥ ላስገባው ብሞክር አልገባ አለኝ።

ትተኛለች ወይ ላልሽው፣ ትተኛለች፤ መደቡ ላይ ግን አይደለም። ከበሩ ኋላ ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ ነው። ትበላለች ወይ ላልሽው፣ ቆሎና እንጀራ ትቀምሳለች። ሥጋ የነካው ድስት ካየች ግን ያቅለሸልሻታል። ለእንቁጣጣሽ በግ ሲታረድ ከቤት ወጥታ ጠፋች፤ ስንፈልግ ውለን ከጌሾው መሐል ተሸጉጣ አገኘናት።

ትናገራለች ወይ? አትናገርም። በጳጉሜው ገበያ የእስከዳርን እጅ ይዛ ከቆመችበት ሰዓት ጀምሮ ቃል አልወጣትም። እስከዳርን ታውቂያታለሽ፤ የጎረቤታችን ልጅ፣ ያቺ ፍንጭቷ። ጥይቱ ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ የነገረን የለም። ልጅቷ ስትወድቅ ሂዊ እጇን አልለቀቀችም ነበር።

አሁን የሚቀፈኝን ልንገርሽ። የኔአለም ጎረቤቶቿ መክረዋት፣ እኔ ሳላውቅ ልጅቷን አጥማቂ ነኝ ወደሚል አንድ ሰው ወሰደቻት። ሰምቼ ስደርስ ሰውየው በመቁጠሪያ ጀርባዋን እየገረፈ «ተናገር! ስምህን ተናገር!» ይላል። ልጅቷ በፍርሃት ስትንቀጠቀጥ ሕዝቡ «ያው ለቀቀ!» እያለ በስልክ ይቀርጻታል። እጇን ይዤ አወጣኋት።

«መሪጌታ፣ እርስዎም እምነት ይጎድልዎታል?» አለኝ።

«በጸበሉ አምናለሁ፤ የማላምነው ባንተ ነው» አልኩት። ትንፋሹ አረቄ አረቄ ይሸት ነበር።

አንቺ በሆስፒታሉ የአእምሮ ሕሙማንን የምትረጂ ነርስ ነሽና የሚደረገውን ጻፊልኝ። ይህ ነገር በእናንተ መጽሐፍ ስም አለው ወይ? እኔ የማውቀው የሞተ የግእዝ ግስ ማንሣት ነው፤ የተያዘ አንደበት መፍታት አልተማርኩም።

አባትሽ አምደሚካኤል

*

ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለውድ አባቴ፣ ለመሪጌታ አምደሚካኤል

ጉልበትዎን ስሜ ልጀምር። ደብዳቤዎን ያነበብኩት በሥራ ክፍሌ ነው፤ ካነበብኩት በኋላ በሩን ቆልፌ ተቀመጥኩ።

«ይህ ነገር በእናንተ መጽሐፍ ስም አለው ወይ?» ላሉኝ፣ አለው። ስሙን ግን አልጽፍልዎትም። ስም ከሰጠናት አገሩ ሁሉ በዚያ ስም ይጠራታል፤ የገዛ ስሟ ይበቃታል። ሂዊ ዲዳ አልሆነችም፤ ሰይጣንም አልያዛትም። ልጅ ላይ ከአቅሟ በላይ የሆነ ድንጋጤ ሲወርድ አንደበቷ ይያዛል። ደግሞም ይመለሳል፤ መቼ እንደሆነ ግን እኔም አላውቅም፣ የሚያውቅ ሰው ቢያጋጥምዎት አይመኑት።

የሚያደርጉትን ልንገርዎ። «አንድ ቃል በይ» የሚላት ሰው ከቤት ይውጣ። ከኋላዋ ማንም በድንገት አይምጣባት። ቀኗ የታወቀ ይሁን፤ ውሃ ሲቀዳ አብራ ትሂድ፣ ጥጃ ትጠብቅ፣ ሲመሽ ማን አጠገቧ እንደሚተኛ ትወቅ። ከበሩ ኋላ መተኛት ከፈለገች እዚያው ቁርበት አንጥፉላት። እናቷን አይቆጧት፤ ጨንቋት ነው የወሰደቻት።

ደግሞ ስለ ወንድሜ በአንድ መስመር የጻፉትን ደጋግሜ አነበብኩት። ከማንም ጋር አይጫወትም ብለዋል። ደምለው እኮ ከበሬዎቹ ጋር እንኳ የሚጫወት ሰው ነበር። ልጅቷን ብቻ አይመልከቱ።

እንዳልመጣ መንገዱ ዛሬ ተከፈተ ሲባል ነገ ይዘጋል፤ እዚህም ለዞኑ ሁሉ ያለነው ጥቂት ነን። ይቅር ይበሉኝ። አንድ ደስ የሚል ወሬ ግን አለኝ። ለገጠር ሕፃናትና ቤተሰቦች የሥነ ልቦና ድጋፍ የሚሰጥ ድርጅት መጥቷል። አስተባባሪው ምስጋናው አብሮኝ የተማረ ልጅ ነው። የእኛን ቀበሌ እንዲያስገባልኝ ለምኜው እሺ ብሎኛል። ሲመጡ ሂዊን ይላኳት።

ልጅዎ ፀደንያ

*

ኅዳር ፭ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.
ለልጄ ለፀደንያ

በዘመነ በኩል «ምነው ዝም አሉኝ፣ ተቀየሙኝ ወይ?» ላልሽው፣ አልተቀየምኩሽም። ብዕር ባነሣሁ ቁጥር ስድብ እየቀደመኝ ነው የዘገየሁት። ተሳድቤ ማኅሌት መቆም ስላልፈለግሁ እስኪበርድልኝ ጠበቅሁ። አልበረደልኝም።

ያልሻቸው ሰዎች መጡ። ትምህርት ቤቱ ግቢ ድንኳን ተተከለ፣ ድምፅ ማጉያ ተሰቀለ። ደረቱ ላይ «አእምሮዬ ሀብቴ» የሚል የተጻፈበት ነጭ ካናቴራ ለልጆቹ ታደለ። ሹማምንቱ ወንበር ላይ፣ እናቶች ሣሩ ላይ ተቀመጡ። አንዲት ድምፀ ለስላሳ ወጣት ወረቀትና ቀለም አድላ «በጣም ያስፈራችሁን ነገር ሣሉ» አለቻቸው።

ሂዊ ሣለች፣ ፀደንያ። ሌሎቹ ጅብና እባብ ሲሥሉ እሷ ገበያውን ሣለች። መሬት ላይ የተዘረጋውን በርበሬ፣ የቆሙትን አህዮች፣ እጅ ለእጅ የተያያዙ ሁለት ልጆች። አንደኛዋን በቀይ ቀለም ሸፈነቻት። እኔ ከድንኳኑ ጥግ ቆሜ «ይኸው ተናገረች» አልኩ በልቤ። እዚያ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ እጃቸውን እስም ነበር።

አላቆሙም። ወጣቷ ሥዕሉን ከሂዊ እጅ ወስዳ ከፍ አድርጋ ለሹማምንቱ አሳየች። ተጨበጨበ። ለምን እንደተጨበጨበ እስካሁን አልገባኝም። ቀጥለው ልጅቷን ከፊት አቁመው ማይክሮፎን አፏ ላይ ደገኑባት።

«ጎበዝ! በይ ንገሪን፣ ይቺ ቀይዋ ማን ናት?»

ሂዊ ዝም።

«አይዞሽ፣ አንድ ቃል ብቻ!»

የኔአለም ከሣሩ ላይ ተነሣችና «እባካችሁ ተዉልኝ፣ አትናገርም» አለች። «እናት፣ ይቀመጡ፤ ፕሮግራሙን አያበላሹብን» አሏት።

በዚያው ሰዓት ከመማሪያ ክፍሉ ጀርባ ለእንግዶቹ በሬ ይታረድ ነበር። አጓራ። ቀጥሎ ሽታው መጣ። ሂዊ ነጩ ካናቴራ ላይ አስመለሳት። ካሜራ የያዘው ሰው ዓይኑን ያዞራል ብዬ ጠበቅሁ፤ ጠጋ ብሎ ቀረጻት።

እናቷ አቅፋት ስትሮጥ እኔን «መሪጌታ፣ ማዕዱን ይባርኩልን» አሉኝ። ገባሁ። አንዱ ሹም ጮማውን እየቆረጠ፣ ጣቱ ላይ የወረደውን ደም እየላሰ «የሕፃናት ሥነ ልቦና ልዩ ትኩረት ይሻል» ይላል። ሌላው አፉን ሞልቶ ይስማማል። በሕይወቴ ብዙ ድግስ ባርኬአለሁ፤ የዚያን ቀን ግን ምራቄ መረረኝ። ጀርባዬን ሰጥቼ ወጣሁ። አንዱ ከኋላዬ «ሽማግሌው ተቀየሙ እንዴ? ድርሻቸውን ቋጥሩላቸው» ሲል ሰማሁት።

የቅኔ መምህር ነኝና ሰምና ወርቅ መለየት እንጀራዬ ነው። ሰሙ ድጋፍ፣ ወርቁ ድግስ።

ልጅቷ እንዴት ናት? ከመምጣታቸው በፊት እኔ ሳዜም ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር። አሁን ቀንም ከበሩ ኋላ ናት፤ ልብሷንም ታረጥባለች። ሥዕሉን ይዘውት ሄደዋል። የልጅቷ ነውና ይመለስ ብለሽ ንገሪያቸው።

አባትሽ

*

ኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለአባቴ

ምን ብዬ ሰላም እንደምልዎ አላውቅም። እኔ ነኝ የለመንኳቸው። እኔ ነኝ «ይላኳት» ያልኩት።

«ሥዕሉ ይመለስ» ላሉኝ፣ አገኘሁት። ምስጋናው ቢሮ ስሄድ ስብሰባ ላይ ነው አሉኝ። ስብሰባው እዚህ ማርቆስ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነበር። ገባሁ። በሩን አልፌ ቀና ስል ግድግዳውን ሙሉ የሸፈነ ሸራ ተዘርግቷል። ሸራው የሂዊ ሥዕል ነው፣ አባቴ፤ በርበሬው፣ አህዮቹ፣ ሁለቱ ልጆች፣ ሰው አክለው። ከጎኑ የራሷ ፎቶ አለ፤ ዓይኗ ፈጦ፣ አገጯ ላይ ያስመለሰችው ሳይጠረግ። ከሥሩ ስሟ፣ ዕድሜዋና ቀበሌዋ ተጽፏል። ከሸራው ሥር የጾም ምግብ ተደርድሮ ሰዎች ሳህን ይዘው ተሰልፈዋል። አንዲት ሴት ሰላጣ እየጨመረች «ወይኔ፣ ታሳዝናለች» ብላ ለጓደኛዋ አሳየቻት፤ ከዚያ «ዳቦው ሞቅ ያለ ነው?» ብላ ጠየቀች።

ምስጋናውን ወደ ጥግ ሳብኩት።

«ይህን ማን ፈቀደልህ?»

«ፀዲ፣ እዚህ አትጩሂ። ለግንዛቤ ነው።»

«ስሟን ጽፋችኋል። ቀበሌዋን ጽፋችኋል። በዚህ ዘመን!»

«እኔ አልጻፍኩትም፤ የሕዝብ ግንኙነት ነው የጻፈው።» ሳህኑን የት እንደሚያስቀምጥ ጠፋው። «እዪ፣ እኔንም ደስ አላለኝም። ግን ይህን ካላሳየን በሚቀጥለው ዓመት በጀት የለም። በጀት ከሌለ ደግሞ ልጆቹ ምንም አያገኙም።»

«አሁንስ ምን አገኙ?»

ክፉ ሰው አይደለም፤ ትምህርት ቤት ሳለን ታማሚ ሲታሠር አይቶ ያለቀሰ ልጅ ነው። ይሄ ነው ይበልጥ ያጥወለወለኝ። ወንበር ላይ ወጥቼ ሸራውን ከላይ እስከ ታች ቀደድኩት። ዋናውን ወረቀት ግን አላገኘሁትም፤ ወደ አዲስ አበባ ልከነዋል አሉኝ። ስለ ቀደድኩት ምን ይላሉ?

ከዚያ በኋላ ስለሆነው የሚጻፍ ብዙ ነገር የለም። እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራዬ ላይ ነኝ። ለደምለው ለብቻው የጻፍኩት ወረቀት እዚህ ውስጥ አለ። እሱ ብቻ ያንብበው።

ልጅዎ ፀደንያ

*

ታኅሣሥ ፲፩ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.
ለልጄ ለፀደንያ

«ደህና ነኝ፤ ሥራዬ ላይ ነኝ» ትያለሽ። ውሸት የማትችዪ ልጅ መሆንሽን ያሳደግሁሽ አባት አውቃለሁ። ዘመነ ነግሮኛል። ከሕሙማኑ ክፍል አንሥተው ካርድ ክፍል አስገብተውሻል፤ ለድርጅቱ ይቅርታ ብለሽ እስክትጽፊ ድረስ። ይቅርታውን ጻፍሽ ወይ? ይህን ከሾፌር መስማት ነበረብኝ? ወይስ አባትሽ የሚደነግጥ መሰለሽ?

«ስለ ቀደድኩት ምን ይላሉ?» ላልሽው፣ ከወንበሩ ላይ ሳትወድቂ መውረድሽ ደስ ብሎኛል። ከዚህ የበለጠ አልጽፍም፤ ትዕቢት እንዳይሆንብን።

የደምለውን ወረቀት ሰጠሁት። ከብቶቹን አስገብቶ ደጅ ቁጭ ብሎ አነበበው። የጻፍሽለትን አላውቅም፣ አልጠየቅሁትምም። አንብቦ ሲጨርስ ግን ወደኔ መጥቶ ተንበረከከ፤ ንስሓ የሚገባ መሰለኝ።

«አባቴ» አለኝ፣ «ያን ቀን እስከዳርን ተሸክሜ ለእናቷ ያስረከብኩት እኔ ነኝ። ሂዊ እጇን አልለቅ ብላ ጣቶቿን አንድ በአንድ ያላቀቅሁትም እኔ ነኝ። ልጄ አይታኛለች። ከዚያ ወዲህ በእጄ እንጀራ ስቆርስ እጄ ያስጠላኛል።»

እኛ እኮ፣ ፀደንያ፣ ሌላ ጎረቤት ተሸክሞ ያመጣት ነበር የመሰለን። ይህ ሰው ይህን ሆዱ ውስጥ ይዞ ጤፍ አጨደ፣ ወቃ፣ ጎተራ አስገባ፤ እኔ የቃላትን ምሥጢር አስተምራለሁ እያልኩ ከአንድ ጣራ ሥር የልጄን ምሥጢር አላየሁም። አብሬው አለቀስኩ።

አሁን ከሥራ ሲገባ ከበሩ አጠገብ ከሂዊ ጋር ይቀመጣል። አያናግራትም። ገመድ ይገምዳል፤ እሷ ጫፉን ትይዝለታለች።

ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ድርጅቱ ካመጣው ጣጣ አንድ ነገር ብቻ አልጠላሁም፦ የኔአለም በዚያ ቀን ተቀመጪ ሲሏት እምቢ ማለቷን ሌሎች እናቶች አይተዋል። አሁን በየቤታቸው የደበቁትን ሊነግሯት ይመጣሉ። የእስከዳር እናት ከቤት አትወጣም። የአንሙት እናት ልጄ ሌሊት ይጮኻል ትላለች፤ ያ ትንሹ ልጅ፣ በዚያ ገበያ ከጋሪ ሥር ተደብቆ የተረፈው። የኔአለም ደግሞ እኔን ትጠይቀኛለች፤ እኔም አንቺን። የቤተ ክርስቲያኑን ሰንበቴ ቤት ብንጠቀምበትስ?

አባትሽ

*

ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለአባቴ

ለገና ሳልመጣ በመቅረቴ ይቅር ይበሉኝ። መንገዱ ሳይሆን እኔ ነኝ የቀረሁት፤ ባዶ እጄን እንዳልመጣ እንጂ ፈርቼ አይደለም ብዬ ራሴን ሳታልል ሰነበትኩ። እውነቱ ግን የሂዊን ዓይን ፈራሁ።

«ሰንበቴ ቤቱን ብንጠቀምበትስ?» ላሉኝ፣ እጅግ ጥሩ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት የሚመጣ ይምጣ። ድምፅ ማጉያ አይኑር፣ ንግግር የሚያደርግ አይኑር፣ ካሜራ ያለው ስልክ ደጅ ይቅር። እጃቸው ሥራ ይያዝ፤ ምስር ይልቀሙ፣ ጥጥ ይፍተሉ። ሰው ዓይን ለዓይን ከሚተያይ ይልቅ አንድ ሥራ ላይ አጎንብሶ ሲሆን ይቀለዋል። ልጆቹ አጠገባቸው ይጫወቱ። የሚናገር ይናገር፣ ዝም የሚል ዝም ይበል። የሚያለቅስ ሰው ካለ «በቃሽ» አይበሉት። ከመካከላቸው መሞት የሚመኝ፣ ወይም እህል ውሃ የተወ ካለ ግን አንድ ቀን አትቆዩ፤ በዘመነ መኪና ወዲህ ይላኩልኝ፤ ካርድ ክፍልም ብሆን ሐኪሙ ዘንድ የማደርሰው እኔ ነኝ።

እርስዎ ደግሞ፣ አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝና አይስበኩ። እንዲሁ ይቀመጡ።

«ይቅርታውን ጻፍሽ ወይ?» ላሉኝ፣ አልጻፍኩም። አለቃዬ «ሁለት መስመር ነው፤ ጽፈሽ ተገላገዪ» ይለኛል። ብዕር ባነሣሁ ቁጥር የሂዊ አገጭ ላይ ያለው ይታየኛል።

ልደብቅዎት አስቤ የነበረውን ልጻፈው፤ ከሾፌር እንዳይሰሙት። ድርጅቱ የዓመቱን መጽሔት አሳትሟል። የሂዊ ፎቶ አለበት። «መናገር አቁማ የነበረችው ሂዊ ከአንድ ቀን ድጋፍ በኋላ ዛሬ ትስቃለች፣ ትጫወታለች» ይላል። የምትስቀው ልጅ ፎቶ የሂዊ አይደለም፤ የማን ልጅ እንደሆነች አላወቅኋትም። ለምስጋናው መጽሔቱን አሳየሁት። አንብቦ፣ አጥፎ «እኔ ለቅቄአለሁ» አለኝ። መቼ እንደለቀቀ፣ ለምን እንደለቀቀ አልነገረኝም። እጁን ሲዘረጋልኝ ጨበጥኩት፤ ግን ቶሎ ለቀቅሁት።

ልጅዎ ፀደንያ

*

የካቲት ፱ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.
ለልጄ ለፀደንያ

ስለ መጽሔቱ አልተናደድኩም፤ ንዴት ለሚመጥን ነገር ነው። ስሄድ የሞተ ውሻ መንገድ ላይ ካየሁ አፍንጫዬን ይዤ እዞራለሁ እንጂ ውሻውን አልሰድብም። ይህንንም እንደዚያ አድርጌ ዞርኩት። የኔአለም ግን ሳነብላት «ትስቃለች አሉ?» ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝና ወጥታ አስመለሳት። እሷን ማታለል አልቻልኩም።

አለቃሽ ስለ ይቅርታው የሚልሽ አሳስቦኛል። ያልበደልሽውን ይቅርታ አትጻፊ። ካርድ ክፍል ያለ ሰው በሽተኛ ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው ነው፤ ፊትሽን አታጥቁሪባቸው።

ስለ ሰንበቴ ቤቱ ደግሞ፣ መሰብሰብ ከጀመሩ ሰንብተዋል። መጀመሪያ ቀን ምስር ተለቀመ፣ ማንም አልተናገረም፣ ሁሉም ቤቱ ገባ። «ከሸፈ» ብዬ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰው ጨመረ። ያ አጥማቂ ነኝ ባይ «መሪጌታ የጴንጤ ማኅበር ከፈቱ» ብሎ አስወርቶብኝ ነበር፤ ቄሰ ገበዙ ራሳቸው መጥተው ምስር ሲለቅሙ ወሬው አፈረ። የእስከዳር እናት ባለፈው መጣች። ነጠላዋን ተከናንባ ጥግ ተቀመጠች። ደምለው እንዳያት ተነሥቶ ሊወጣ ሲል «ተቀመጥ» አለችው። «ልጄን መሬት ላይ አልተውክብኝም» አለችው። ደምለው ተመልሶ ተቀመጠ። እኔም እንዳዘዝሽኝ አልሰበክሁም፤ ምላሴን መንከስ ነበረብኝ።

አሁን ደግሞ ትናንት የሆነውን ስሚ።

የአንሙት እናት ልጇን ይዛ መጣች። ሌሊቱን ሲጮኽ አድሮ እሷም እንቅልፍ አጥታ ደክሟታል። ከፊቴ አቁማው «በል ለመሪጌታ ንገራቸው! ከጋሪው ሥር ሆነህ ያየኸውን ንገራቸው፤ ይውጣልህ!» አለችው። ልጁ እግሩን እያየ ቆመ። ክንዱን ይዛ ወዘወዘችው። «አንድ ቃል እንኳ አትልም? ምላስ የለህም?» ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቀና ብዬ ልከለክላት አፌን ስከፍት፣ ከግድግዳው በኩል ድምፅ መጣ።

«ተዉት።»

የማን ድምፅ እንደሆነ አላወቅሁትም። የሻከረ ነበር፤ የአሮጊት መሰለኝ። ዞር ስል ሂዊ ቆማለች። ፊቷ በንዴት ቀልቷል፤ እንዲህ ተቆጥታ አይቻት አላውቅም። ሁላችንንም፣ እኔንም ጨምሮ፣ አንድ የሚያስጸይፍ ነገር እንደምታይ ሆና አየችን።

«ተዉት እንጂ! ሲፈልግ ይናገራል።»

ሄዳ የልጁን እጅ ያዘችና ወደ ደጅ ይዛው ወጣች።

የኔአለም እልል ልትል አፏን ስትከፍት በገዛ እጇ አፈነችው። ደምለው ገመዱን እንደያዘ ቀረ። የእስከዳር እናት ናት ቀድማ አጎንብሳ ምስሩን መልቀም የቀጠለችው፤ ከዚያ ሁላችንም ቀጠልን። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ልጆቹ ደጅ አሸዋ ሲቆልሉ ይታየናል።

ያን ቀን ሌላ ቃል አልተናገረችም። የጠየቃትም የለም።

አባትሽ አምደሚካኤል